እናቴ የማታውቃቸው ጎሎች

እናቴ የሞተችው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የሰማሁት ግንቦት ላይ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ የኮሌጃችን እግር ኳስ ቡድን የውድድር ዘመን ነበር፤ በሕይወቴ ኳስ የቀናኝም ያን ዓመት ብቻ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይደነግጣል። እኔ መደንገጡን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ፤ የቀረኝ ንዴቱ ነው።

ሮም የሄድኩት ለትምህርት ነው። ከኮሌጁ ቡድን አብዛኞቻችን ሐበሾች ነበርን። አምበላችን አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጥ፣ ሲቆጣ ብቻ ጣልያንኛ የሚቀናው ሰው ነበር። አሰልጣኝ የሚባል ስላልነበረን የሚያሰልፈውም የሚቀይረውም እሱ ነው። ኳስ ላይ ይሉኝታ አያውቅም። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦኛል፤ ማልያዬ የሚታጠበው ለአቧራ እንጂ ለላብ አልነበረም።

እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካለው ፎን ሴንተር በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ ጤናዬን፣ ቀጥላ ፔርሜሶዬን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በመጨረሻ ኳሱን ትጠይቀኛለች። ዘንድሮስ አስገቡህ ወይ? ትለኛለች። የለም እማዬ፣ ያው ወንበር ላይ ነኝ እላታለሁ። አንድ ጊዜ በሰው እጅ፣ ራሷ የሠራችውን ቡናማ ሹራብ ላከችልኝ። ልጅ እያደገ ይሄዳል ብላ ነው መሰል፣ እጅጌው ረዝሞ ጣቴን ይሸፍን ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገርነው ለመስቀል ነው። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ያለችኝ ስለዚያው ሹራብ ነበር።

«ቁጭ ብለህ ስትውል ብርድ እንዳይመታህ፣ እሱን ልበስ።»

እሺ አልኳት። በሳምንቱ ሞተች።

ወንድሜ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለአምበሉ ነው። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም። ሰው ብቻውን፣ መንገድ ላይ ወይ ሥራ ላይ ሆኖ እንዳይሰማ፣ ማለዳ ወዳጅ ተሰብስቦ ነው የሚያረዳው። ደግ ወግ ነው፣ ወጉን አልነቅፍም። ያን ጊዜ ፔርሜሶዬ እድሳት ላይ ነበር፤ የምኖረው ሪቼቩታ በምትባል ቁራጭ ደረሰኝ ነው፣ እሷን ይዤ ከጣልያን ብወጣ መመለሴ ያጠራጥራል። አሁን ቢሰማ እንደ እብድ ተነስቶ ይመጣል፣ ትምህርቱም ይቀራል፣ ለቀብሯም አይደርስ፤ ፔርሜሶው እስኪወጣ ያዙልኝ አለ ወንድሜ። አምበሉም ቫ ቤኔ፣ እሺ አለ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ያወቅሁት በሚቀጥለው ጨዋታ ስሜ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዶች ጋር መጠራቱን ብቻ ነው። ጆሮዬን አላመንኩትም። ከዕረፍት በኋላ ሪጎሬ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ አገኘን። ሪጎሬ መምታት የአምበሉ ርስት ነው፣ ማንም አይነካበትም። ኳሷን አንስቶ መጣና እጄ ላይ አስቀመጣት። ፊቴን አላየኝም። መታሁ፣ ገባ። ልጆቹ ላዬ ላይ ተከመሩ፤ አንዱማ እንባው ወርዷል። ለአንድ ጎል! ምን ዓይነት ፍቅር ነው ብዬ ተደነቅሁ።

ከሜዳው በቀጥታ ወደ ፎን ሴንተሩ በረርኩ። ወንድሜ አነሳ። እማዬ ጸበል ሄዳለች አለኝ። እግሯን ያማት ስለነበር አመንኩት። በል እንግዲያው ጎል አግብቷል ብለህ ንገራት አልኩት። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ እሺ እነግራታለሁ አለኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሜ አገባሁ፣ ደግሜ ደወልኩ። አሁንም ጸበል ናት። ነገርካት ወይ? አልኩት። ነግሬያታለሁ፣ እልል አለች አለኝ።

ያችን እልልታ ይዤ የሮምን ብርድ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህም በደወልኩ ቁጥር ወንድሜ አንዴ ጸበል፣ አንዴ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ይለኛል፤ እኔም አምነዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ልምምድ ላይ ስሮጥ እሷን እያሰብኩ ነው፣ ማታ ስተኛ እሷን እያሰብኩ ነው። ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። የሚሮጥ ሰው ሹራብ ምን ያደርግለታል?

ኅዳር እንደገባ ቡድኑ በሙሉ ፖንቴ ማሞሎ፣ እትዬ ቤት ተጠራ። እትዬ የምንላቸው ሴትዮ ሳምንቱን ሙሉ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ሲያስታምሙ ሰንብተው እሑድን ብቻ በተከራዩዋት ክፍል የሚያሳልፉ፣ የሐበሻ ተማሪ ሁሉ የሚጠጋቸው ሰው ናቸው። ዶሮ ተሠርቷል፣ ጠላ ሳይቀር ተጠምቋል። ቄስ መጥተው ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ። በምን ምክንያት ነው ብላቸው፣ ስለት ነበረብኝ አሉኝ እትዬ። በግዕዙ መሃል የእናቴ የክርስትና ስም ተጠርቶ ይሆናል፤ የእኔ ልብ ድስቱ ላይ ነበር። ከወር በላይ ፓስታ ስበላ የከረምኩ ሰው ነኝ፣ ጨምሩልኝ አልኩ፣ ጨመሩልኝ። ልጆቹ እጃቸውን ወደ ማዕዱ አይሰዱም። ምነው፣ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ ብዬ ቀለድኩባቸው። እትዬ ብድግ ብለው ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሽንኩርት ነው አሉ። የበላሁት የእናቴን አርባ ነው። ጣቴን እየላስኩ ነው የበላሁት።

ፔርሜሶዬ የካቲት ላይ ወጣ። በቃላቸው መሠረት ያኔ መነገር ነበረበት። እትዬም ይነገረው አሉ። አምበሉ ግን ፈተና ደርሶበታል፣ እሱ ይለፍ አለ። ፈተናው አለፈ። አሎራ፣ እንግዲህ አሁን ደግሞ ቡድኑ ከዋንጫው ጥቂት ጨዋታ ቀርቶታል። በየዓመቱ ጭራ ሆነን የምንጨርስ ሰዎች ነን፣ ዋንጫ በዓይናችን አይተን አናውቅም። ጎሉን የማገባው ደግሞ እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ለእኔ ታዝኖ የተጀመረው ነገር ለዋንጫ ሲባል ቀጠለ። ግማሾቹ ይነገረው፣ ግማሾቹ ውድድሩ ይለቅ እያሉ ተኳርፈዋል። እኔ ስገባ ወሬው ቀጥ ይል ነበር። ቀንተውብኝ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁባቸው።

በመጨረሻ ትዕግሥታቸው ያለቀው እትዬ ናቸው። አምበሉን ሲኞራዋ በር ላይ አስጠርተው፣ «ይኸ ልጅ እናቱን ሳያለቅስ አንተ ዋንጫ ልታነሳ ነው?» አሉት። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም፣ ከፍጻሜው ማግሥት፣ እሑድ ማለዳ እንዲሆን ተቆረጠ።

ፍጻሜው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አምበሉን እግሩ ከዳው። የሚያቀብለው ኳስ ለተጋጣሚ ይደርሳል፣ ስጠራው አይሰማኝም። እኔ የመታሁትን ብረቱ መለሰው። ተሸነፍን። መልበሻ ክፍል ስንገባ አምበሉ ማልያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ አንጀቴን በላው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትከሻውን አቀፍኩት።

«ተው እንጂ፣ ኳስ ነው፤ ሰው አልሞተም» አልኩት።

አምበሉ ከእጄ ወጥቶ፣ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር ሄደ። እኔ የሽንፈቱ ነገር መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ሊነጋ ሲል፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ የምኖርባት ክፍል በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ቡድኑ በሙሉ ደረጃው ላይ ቆሟል። ሊያጽናኑኝ የመጡ መስሎኝ፣ ግቡ፣ ግቡ፣ ለከርሞ እናመጣዋለን እያልኩ በሩን ወለል አደረግሁት። ከዚያ ከኋላቸው እትዬን አየኋቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ማንም የነገረኝ የለም፤ መንገርም አላስፈለገም። የሞተችው ማን እንደሆነች አውቄያለሁ። መቼ? ብቻ ነው ያልኩት። መስከረም አሉ እትዬ። መስከረም። ሪጎሬው፣ ጸበሉ፣ እልልታው፣ ዶሮው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተደረመሱብኝ። ከማልቀሴ በፊት ተሳደብኩ። አምበሉን ደረቱን ይዤ ከግድግዳው አጋጨሁት፤ እጁን አላነሳም። ከዚያ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። አገር ቤት ሐዘኑ ቀዝቅዟል፣ እኅቶቼ ጥቁር ሊያወልቁ ደርሰዋል፤ አዲስ ለቀስተኛ እኔ ብቻ ነኝ። ከሰው ጋር እኩል ማልቀስም ዕድል ነው ለካ። ወንድሜን በስልክ አንተ ውሸታም፣ እንዴት እልል አለች ትለኛለህ? አልኩት። ብትኖር ኖሮ እልል ትል አልነበረም? አለኝና እሱም አለቀሰ። ትል ነበር።

በሦስተኛው ቀን አምበሉ ጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። ያሰለፍከኝ አዝነህልኝ ነው አይደል? ብዬ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ አዎ» አለኝ። «ግን የተጋጣሚ በረኞች እናትህ መሞቷን አያውቁም ነበር።»

ሊያጽናናኝ ነው ያለው። ይህን ያህል ዓመት አላምጬዋለሁ፣ አልተዋጠልኝም። ጎሎቹ እውነት ይሆናሉ፤ በሕይወት ሳለች የገባ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። ስለ እኔ የምታውቀው ነገር ወንበሩ ላይ አብቅቷል።

በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን አምበሉ ስሜን ከአሥራ አንዱ ጋር ጠራ። አልገባም አልኩት። ከሁለቱ ዓመት ወንበር በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ጎል በኋላ፣ ምክንያቴን አልጠየቀኝም፤ በእኔ ፋንታ ሌላ ሰው አስገባ። ቡናማውን ሹራብ ከሻንጣዬ አውጥቼ ለበስኩና ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ብትፈልገኝ የምታገኘኝ እዚያ ነው። የጥቅምት ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ሰው ሁሉ በካናቴራ ነው፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ጨዋታው እስኪያልቅ አላወለቅሁትም። እሺ ብያታለሁ።