ተከላካዩን ተከታይ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ሌሎች ታሪኩን ሲያወሩ አንዳንዱ በማተሚያ ቤቱ፣ አንዳንዱ በኢንተርኔት፣ አንዳንዱም በሕንድ አገር ሲያሳብብ ስለሰማሁ ነው።

የሁለት ሺዎቹ ዓመታት ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። እኔ ከጎንደር ወደዚህ ለመጣን አይሁዶች በአማርኛ በምትታተም አንዲት ትንሽ ጋዜጣ እሠራለሁ። ለዓመታት የጻፍሁት ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ኡልፓን የዕብራይስጥ ትምህርት፣ ጎንደር ስለቀሩ ዘመዶች ነው። አንድ ቀን አዘጋጁ ደወለና፣ «አንባቢው ደከመው። የሚያስቅ እንኳ ባይሆን የማያስለቅስ ነገር አምጣ» አለኝ። ያሰበው ቂርያት ማላኪ ከተማ ያደገውን ልጅ ነበር፤ በሁለተኛው ሊግ እየተከፈለው የሚጫወት የመሐል ተከላካይ።

«ምን ይበላል? እንዴት ይተኛል? ኢንተርኔት ላይ እነማንን ያያል? ወጣቱ የሚፈልገው ይህን ነው» አለኝ።

ልጁ ገዴራ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። በሩን የከፈተልኝ ባንድ እግሩ ቆሞ ነው።

«ጋሼ ይግቡ፣ ቁጭ በል፣ አርባ ሰከንድ ቀርቶኛል።» በስድስት ዓመቱ መጥቶ እዚህ ያደገ ስለሆነ፣ «አንቱ» ብሎ ይጀምርና መሐል ላይ ይጠፋበታል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ቆመ።

ቤቱን አስጎበኘኝ። ማቀዝቀዣው ውስጥ እንደ በር ቀለም አረንጓዴ የሆነ ጭማቂ በጠርሙስ ተደርድሯል። አንድ ብርጭቆ ሰጠኝና ጠጣሁ፤ ጣዕሙ ዜና ስላልሆነ አልመዘገብሁትም። ከጨዋታ በኋላ የመታጠቢያ ገንዳውን በረዶ ሞልቶ እስከ ወገቡ ይቀመጥበታል። በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ይተኛል። ሥጋ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይበላል፤ እሱም ከጨዋታ ማግስት ነው።

ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ያን ጊዜ ገና አዲስ በነበረ፣ ሰዎች አጭር አጭር ነገር በሚጽፉበት ገጽ ላይ፣ የውጭ አገር የቡድን ጓደኛው ስሙን አስመዝግቦለታል። የሚከተላቸው አሥራ አራት ነበሩ፤ ቆጠርኋቸው። ሰባት ኳስ ተጫዋቾች፣ ሁለት የእንቅልፍ ሐኪሞች፣ ስለ ጉልበት ብቻ የሚጽፉ ሦስት ሰዎች፣ ምንም ሳታበስል የምግብ ሥራ የምታስተምር አንዲት ሴት፣ በመጨረሻም ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሕንዳዊ።

«ይኸስ?»

«የእስትንፋስ መምህር ነው።»

«እስትንፋስ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?»

«ጋሼ፣ አንተ ስትተነፍስ ትከሻህ ይነሣል። ተበላሽቷል።»

ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በደንብ የተነፈስሁ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ማስረጃ ነበረው። የጭኑ የኋላ ጡንቻ በየወቅቱ ይሸመቀቅ ነበር፤ ሕንዳዊው እንዳስተማረው ጧት ጧት ዓይኑን ጨፍኖ መተንፈስ ከጀመረ ወዲህ አንድም ጨዋታ አላመለጠውም።

«እና አንተ ለሱ ምኑ ነህ? በአማርኛ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«በዕብራይስጥ ‹ኦኬቭ› ነው የምንለው። የሚከተል።»

«ተከታይ?»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ተከታይ።»

ደግሜ ጠየቅሁት፤ ደግሞ «ተከታይ» አለኝ። ጻፍሁ።

ልወጣ ስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይኸን አትጻፍ እንጂ፣ በሚመጣው ሰኞ ያቭኔ ከተማ፣ ወደ ፍቅረኛዬ ቤት ሽማግሌ እንልካለን። እሷ እሺ ብላለች። አባቷ ግን ሃይማኖት ላይ ጠንካራ ናቸው። እሱ እምቢ ካለ ትታው አትመጣም።»

«አልጽፍም» አልሁት፤ አልጻፍሁምም።

ጋዜጣዋ ሐሙስ ወጣች። ጽሑፉ ውስጥ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ተከላካዩ የአንድ ሕንዳዊ መምህር ተከታይ ነው። በመምህሩ መመሪያ በየማለዳው ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ከሳምንት አንድ ቀን በቀር ሥጋ አይቀምስም።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስቱም እውነት።

ዓርብ ጧት ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ነህ ልጄን ለሕንድ የሰጠኸው?»

እናቱ ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፤ ጎረቤት ደረጃ ላይ አቁማ ጮክ ብላ አንብባላቸዋለች። ቂርያት ማላኪ የፎቅ ደረጃ ላይ የተነበበ ነገር ከሬዲዮ ይፈጥናል።

ቤታቸው ሄድሁ። ከቤኤር ቱቪያ የመጋዘን ሥራቸው ቀርተው ጠበቁኝ።

«እማማ፣ የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው» አልሁ።

«የክርስትና ተከታይ ይባላል። የእስልምና ተከታይ ይባላል። የሕንድ ተከታይ ሲባል ሰው ምን ይስማ?»

አማርኛ የጀመርሁ ያን ዕለት መሰለኝ። እኝህ ሴትዮ፣ አያቶቻቸው ክርስትና ገብተው ስለነበር፣ ጎንደር ውስጥ ስምንት ዓመት ተራ ጠብቀው፣ እዚህ ደርሰው አንድ ዓመት ተምረው፣ በረቢዎች ፊት ተጠይቀው ነው ወደ ሃይማኖታችን መመለሳቸው የተመሰከረላቸው። ወረቀቱ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ ሃይማኖት በብዙ ወረቀት መጥቶ ባንድ ወሬ ሊሄድ ይችላል።

«ጎረቤቴ ደግሞ ሥጋ ተወ ሲባል ጾም ያዘ አለች። ወደ አያቶቹ ክርስትና ተመለሰ ማለቷ ነው። ባንድ ሐሙስ ሁለት ሃይማኖት ሰጠኸው!»

«እርስዎስ ምን ያምናሉ?»

«እኔማ ልጄን አውቀዋለሁ፤ ሰንበት ሲመጣ ከደጄ አይጠፋም። ያቭኔ ግን አያውቀውም። የልጅቷ አባት ‹ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ ግን የምጠይቀው አለኝ› ብሎ ልኳል።» ጋዜጣዋን አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ተከላካይ ብለህ ጀምረህ ተከታይ ብለህ ጨረስኸው። ያበላሸኸውን አስተካክል። ሰኞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትገባለህ።»

ለአዘጋጁ ደወልሁ። «የሚቀጥለው እትም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው» አለ። «ደግሞስ ምን ብለን ነው የምናርመው? ትክክል እኮ ነው።»

ቅዳሜን ግሦች ሳገላብጥ ዋልሁ። የልጁን ነገር በትክክል የሚናገረው ቃል ማታ ላይ መጣልኝ፤ ከጻፍሁት የሚለየው ባንዲት ፊደል ብቻ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎችና እኔ ያቭኔ ደረስን። በወጉ ሙሽራው አብሮ ስለማይገባ፣ ልጁ ታች መኪናው ውስጥ ቀረ። አባትየው በር ከፍተው፣ «ተቀመጡ» አሉን።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ።

«እንግዲያው ቁሙ» አሉና ጋዜጣዋን ከኪሳቸው አወጡ። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ተሠምሮባቸዋል። «ይኸን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ አባ። አንዲት ታ ጎድላብኛለች።»

«ምን?»

«‹ተከታይ› ሳይሆን ‹ተከታታይ› ማለቴ ነው፤ አይከተልም፣ ይከታተላል። ሰውዬው የሚለውን ያያል፣ የሚጠቅመውን ይወስዳል እንጂ አያመልከውም። እርስዎ የከነሴት ፓርላማ ክርክር በሬዲዮ አይከታተሉም?»

«ሁልጊዜ።»

«ተከታያቸው ነዎት?»

«የነዚያ? እግዜር አያርገው!» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ «ይከተላል፣ ይከታተላል» አሉ ለራሳቸው። «ጋዜጠኛ ሆነህ ፊደል ይጥፋብህ? በል፣ ታዋን ተቀብያለሁ። ሥጋውስ?»

ለሥጋው ያዘጋጀሁት ፊደል አልነበረም። እውነቱን ነገርኋቸው፤ የስፖርት አመጋገብ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ይበላል።

«እንግዲያው ዛሬ ይብላ። በግ አሳርጃለሁ። ከበላ መልሴን እሰጣለሁ።»

«መልስ ሳንሰማ እህል አንቀምስም» አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

«እናንተን ማን ብሉ አላችሁ? ልጁን ነው ያልሁ።»

«ልጁ ደግሞ መልስ ሳይሰጥ ወደዚህ ቤት አይገባም።»

እዚህ ላይ ነገሩ ቆመ። እኛም እንደቆምን ነን። አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግድግዳውን ተደገፉ። መጨረሻ ላይ አባትየው ወደ ማድ ቤት ተጣሩ፤ ጥብስ በሳህን መጣ። ሳህኑን ለኔ አቀበሉኝ። «አንተ ያየኸውን ትጽፋለህ አይደል? ሂድና ያየኸውን ንገረኝ።»

ሦስት ፎቅ ጥብስ ይዤ ወረድሁ። ልጁ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ምን አሉ?»

«ብላ።»

«ጋሼ፣ ነገ እኮ ልምምድ አለኝ። የሳምንቱን ቅዳሜ በልቻለሁ።»

«ዛሬ ካልበላህ ሚስት የለህም። ያላ፣ ቶሎ በል!»

ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ በአፍንጫው አየር ሳበና ዓይኑን ጨፈነ።

«ዓይንህን ክፈት!» አልሁ። «በረንዳ ላይ ቆመው ያዩሃል!»

«ለሆድ ጥሩ ነው እኮ፣ ከመብላት በፊት…»

«ከፍተህ ተንፍስ!»

ዓይኑን አፍጥጦ ተነፈሰና በላ። ያቺ ሳታበስል የምታስተምረው ሴት «ሠላሳ ጊዜ አኝኩ» ትል ኖሮ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ አኘከ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከአሥሩ ቁራጭ አሥረኛዋ አጥንት ብቻ ነበረች፤ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኋት፤ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

«ዘጠኝ ቁራጭ በልቷል» አልሁ። «አሥረኛዋ አጥንት ነበረች።»

«አንተ አግዘኸው እንደሆነስ?»

«እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ፤ እህል አልቀምስም።»

«አጥንቷስ?»

አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኋት። መነጽራቸውን አድርገው ወዲያና ወዲህ አገላበጧት፤ በደንብ ተግጣለች። የልጁን ሃይማኖት ከኔ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይልቅ አጥንቷ አስረዳችላቸው መሰለኝ።

«በሉ ቁጭ በሉ» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ታላቁ ሽማግሌ ገና ምርቃቱን ሳይጀምሩ ታች የመኪና ጥሩንባ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ልጅቷ ከማድ ቤት ሆና የአባቷን መልስ ሰምታ በስልክ ጽፋለት ኖሯል።