ከአባቴ የደበቅሁት

አባቴ ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ መምህር ነበሩ። ራስ ምታቱ ጠንቶባቸው ቀኝ እጃቸው መዛል ሲጀምር፣ ንፋስ መውጫ አስተምር የነበርሁት ሴት ልጃቸው ባሕር ዳር ወስጄ ኤምአርአይ አስነሳኋቸው። ሲወጡ «ይኸስ ዜማ ያልዞረበት ነው፤ ዝም ብሎ ሲጮህብኝ ቆየ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝ።

ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ በግራ በኩል ያለውን ነጭ ነገር አሳየኝ። ዕጢ ነው አለ፤ ጠርዙ የተበታተነ፣ መሃሉ የሞተ፣ ዙሪያው ያበጠ። ቦታው ለቀዶ ጥገና አይመችም። ሐኪሞች ከምስሉ ተነስተው የቀረውን ዕድሜ እንደሚገምቱ፣ ግምቱም ሊሳሳት እንደሚችል አስረዳኝ። «ስድስት ወር ቢቆዩ ነው። ንግግራቸው ግን ቀድሞ ይሄዳል፤ የምትነጋገሩት ካለ አሁን ተነጋገሩ።»

የምትነጋገሩት ካለ! በእኛ አገር ለታማሚ ሞቱን የሚነግረው ማን ነው? ዘመድ ተሰብስቦ «አይዞህ፣ ደህና ነህ» ይላል እንጂ። ተምሬያለሁ ባይዋ እኔም ከዘመድ አልተሻልሁም። «እብጠት ነው አባባ፣ በኪኒን ይጠፋል» አልኋቸው።

ሰኔ ሲገባ፣ ዓመታት እግራቸው ሥር የተማሩ አንድ የእስቴ ቄስ ለእርሻ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ፈቃድ ጠየቁ። ድጓውን ሊጨርሱ ጥቂት ነበር የቀራቸው። አባቴ ጠሩኝ።

«አንቺ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ? ጤናዬ የማያስተማምን ከሆነ እኒህን ቄስ አላሰናብትም፤ ክረምቱን ይዣቸው እጨርሳለሁ። ከእሳቸው በኋላ የማስመርቀው የለኝም። እውነቱን ንገሪኝ።»

ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ። «ከመስቀል በኋላ ይጨርሱላቸዋል፤ ምን ያስቸኩላል?» ቄሱ የአባቴን ጉልበት ስመው ሄዱ።

ነሐሴ ላይ ቃል ይጠፋባቸው ጀመር። ዜማው ትንሽ ቆየ፤ ቃል አልባውን ዜማ ብቻቸውን ያንጎራጉሩ ነበር። መስከረም ሳይጠባ እሱም ቀረ።

ቄሱ እንደተባሉት ከመስቀል በኋላ መጡ። ደንግጠው ቢቀሩም፣ አባቴ በእጃቸው «ቀጥሉ» አሏቸውና ድጓቸውን ዘርግተው ካቆሙበት ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳሳቱ። አባቴ በግራ እጃቸው ቦታውን ያዙ፣ ሊያርሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ደግመው ሞከሩ። ላብ አጠመቃቸው። ቄሱ «የኔታ፣ ይተዉት» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ።

አባቴ መጽሐፉን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ እንደገባቸው አወቅሁ። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ «ይማሩኝ አባባ፣ አውቅ ነበር» አልሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሁን «ምነው ልጄ» ይሁን ያሉት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።