ቱምቢው እስኪቆም

በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ ለመምህርነት ስሠለጥን፣ የመጀመሪያው የማስተማር ልምምዴ ላይ ድምፄ እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ። የእንግሊዝኛ አሠልጣኛችን፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው፣ ወረቀቴ ላይ በእንግሊዝኛ «አፕሎም ይጎድላታል» ብለው ጻፉ። የቀረኝ አንድ ዕድል ነው፤ እሱንም ከወደቅሁ መምህርነቱ አበቃ።

ቃሉን አላውቀውም ነበር። መዝገበ ቃላቱን ባገላብጥ፣ በጭንቅ ሰዓት ሳይደናገጡ ረግቶ መቆም ማለት ነው። ምንጩ ፈረንሳይኛ ሆኖ፣ ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታነት በገመድ አንጠልጥሎ ከሚለካበት ከቱምቢ የመጣ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አባቴ ግንበኛ ነበራ!

ጊንጆ ሰፈር ቤታችን ገብቼ ብነግረው «ፈረንጁ ግንበኛ ነበር በይኛ!» ብሎ ተደሰተ። ቱምቢውን አንጠለጠለልኝ። ወዲያ ወዲህ ሲል ላቆመው እጄን ብሰድ፣ መታ አደረገኝ።

«ተይው ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «መጀመሪያ ሁሌም ይወዛወዛል። ካልነካሽው ራሱ ይቆማል፣ ኢንሻአላህ።»

ያ ድምፁ ዛሬ በጣም ይናፍቀኛል።

በሁለተኛው ልምምድ ተማሪዎቹ ፊት ስቆም ያ ፍርሃት ተመለሰብኝ። አባቴ እንዳለው እስክረጋ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሲረዝም ፊት ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ብድግ ብላ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ጎረቤቷ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ለካ የኅሊና ጸሎት መስሏቸዋል! በዚያ ዘመን ያለ እሱ የሚጀመር ስብሰባ የት ነበርና? ለሰማዕታት ሲቆም ማን ተቀምጦ መታየት ይደፍራል? ከኋላ የተቀመጡት አሠልጣኝም ተነሡ። ሁሉም መሬት መሬቱን ሲያይ እኔ ረጋሁ። «ተቀመጡ» አልኩና እንደ ሰው አስተማርኩ።

ሲያልቅ አሠልጣኙ ጠሩኝ።

«ጸሎቱ ለማን ነበር?»

እውነቱን ብናገር መውደቄ ነው። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «ሰሜን ጦር ግንባር ለቀሩት» አልኩ።

«ታናሽ ወንድሜ እዚያ ነው የቀረው። በየስብሰባው ስቆም ሰዓቴን ነበር የማየው፤ ዛሬ ግን እሱን አሰብኩት። እግዜር ይስጥሽ» አሉና ማለፊያዬን ፈረሙልኝ።

ባዶው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ በኀፍረት አለቀስኩ። እውነቱን ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል፣ አሠልጣኙ ከጅማ ተዛወሩ።