ከግራና ከተማ በላይ፣ እማሆይ ያወጡልኝ በገና

ወንድሜ በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ በገና ነክቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ደረደርኩ።

ጦርነቱ ጋብ ስላለ ከመርሳ ከተማ ተነስቼ፣ ከግራና በላይ ወዳለው ጥንታዊ የሱባኤ ቦታ ወጣሁ። ስመ ጥር በገና ደርዳሪዎች በጽሞና ይሰነብቱበት የነበረ ነው።

ቦታውን የሚጠብቁትን አረጋዊት መነኩሲት ስለ እነሱ ጠየቅኳቸው።

«ዝነኛ መሆናቸውን መች አወቅን ልጄ? አንዱማ እያንኮራፋ አላስተኛ ቢለን ዳር ያለችውን ጎጆ ሰጠነው» አሉኝ።

(ስሙን ሲነግሩኝ፣ ካሴቱን እየሰማሁ ያደግኩት ሰውዬ ነው።)

እኔም እደረድር እንደነበር ስነግራቸው አንድ አሮጌ በገና አወጡልኝ። የወንድሜን ነገር ነገርኳቸውና «እጄ እምቢ ብሎኛል እማሆይ» አልኩ።

«እነሱም ደልቷቸው አልመጡም። ሐዘናቸውን ይዘው መጥተው ዝም ይላሉ፤ ሲበቃቸው ይደረድራሉ። አንተም ሲበቃህ» ብለው ትተውኝ ወጡ።

ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ አውታሮቹን ቃኝቼ ወንድሜ የሚወደውን መዝሙር ጀመርኩ።

ስጨርስ እማሆይ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። «የክርስትና ስሙን ንገረኝ፣ በጸሎት ላስበው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስሙን ድምፄን አውጥቼ ከጠራሁት ቆይቼ ነበር።

እናንተስ፣ በሐዘን ትታችሁት የተመለሳችሁበት ነገር አለ? ማን መለሳችሁ?