የማለበት

ፊደል የለየሁት ሲቀላ ገበያ፣ የሱቅ ሰሌዳ እያነበብኩ ነው። ስለዚህ አጎቴ በላንቴ መንደር መታጠፊያ ላይ ሰሌዳ አቁሞ፣ የገዛ ስሙን በቀይ ቀለም ጽፎ «ሰፈር» ሲልበት፣ ማንም ሳያነብልኝ አነበብኩት። ሰሌዳው የቆመው የእናቴ የሙዝ ማሳ ዳር ነበር።

አባቴ እንደሞተ አጎቴ «ማሳውን ወንድሜ በሕይወቱ ሰጥቶኛል» አለ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። እኛ ዘንድ በዚያ ሣር ፊት የማለ ሰው ይታመናል። ማለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነሳች፤ እስክትሞት በዚያ መንገድ አላለፈችም።

እኔ ደግሞ ማሳ ባይኖረኝ ምላስ አለኝ። የላንቴ ባጃጆች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሻይ እሸጣለሁ፤ ሾፌሮቹ ወሬዬን ከሻዩ አብልጠው ይወዱታል። አንድ ቀን ስለ አገር ስም ተነሳ። «አርባ ምንጭ ከምንጮቹ መሆኑን ማን ያጣዋል?» አልኳቸው። «የድሮ ሰዎች ግን እያንዳንዷን ጉብታ ነበር የሚሰይሙት። ጠበኛ የታረቀበት፣ መብረቅ የወደቀበት፣ ከብት ውሃ የጠጣበት። ቦታ በሆነበት ነገር ይጠራል እንጂ ማንም ተነስቶ ራሱን አይለጥፍበትም።»

«እና ማዘር፣ የላንቴው መታጠፊያስ?» አለኝ አንዱ፣ ብርጭቆውን እያቀበለኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ክረምት ጠብቄዋለሁ!

«እሱማ በሐሰት የማለበት ነው።»

«ማን?»

«ሰሌዳውን አንብበዋ!»

ሳቃቸው ሲቀላን ሞላው። ከዚያ ታሪኩን ከነሣሩ፣ ከነነጠላው ነገርኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ስሙ የተሳፋሪ ጥሪ ሆነ፤ ስለረዘመባቸውም አሳጠሩት። «የማለበት! የማለበት! አንድ ሰው!» ዝናብ የሰሌዳውን ቀለም አጠበው፤ ጥሪው ግን አልጠፋም።

ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ከዘራውን ይዞ ከገበያ መጣ። ለአዲስ ሾፌር የገዛ ስሙን ጠርቶ «ሰፈር አድርሰኝ» ብሎ ጨመረበት።

«አባባ፣ እንደዚያ የሚባል ቦታ የለም።»

«መታጠፊያው! ሙዙ ጋ!»

«እንዴ፣ ስሙን አይነግሩኝም?»

አጎቴ ዞሮ አየኝ። ብርጭቆ እያለቀለቅኩ ነበር፤ እጄን አላቆምኩም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የእሱም እግር መንገዱን አይችልም።

«የማለበት» አለ፣ ወደ መሬት።

«አልሰማሁም አባባ!»

«የማለበት!»

ብርጭቆዬን ደፋሁና «ይግቡ አጎቴ» አልኩት። «አንድ ሰው ነው የቀረው።»