የሌዘሩ ደብተር

ሱዳን ድንበር፣ ገላባት ኬላ ላይ ከሎሪው ያወረዱኝ በደብተሬ ምክንያት ነበር። ጓደኞቼ መታሰር ሲጀምሩ ልብሴን ትቼ የመመረቂያ ስሌቴን ብቻ ይዤ ነበር ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት። ፈታሹ ወታደር ገጾቹን ገለጠ፤ የቀስቶችና የቱቦ ሥዕል፣ «ሌዘር» የሚል ቃልም አየ። ሌላ አልጠየቀኝም። በዚያው ቀን ገዳሪፍ እስር ቤት አስገቡኝ።

ክፍሉ ስድስት እርምጃ በአራት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። አሥራ አንድ ነበርን፤ የምንተኛው በተራ ነው። አየርም ብርሃንም የሚገባው ከበሩ በላይ ባለ የጣት ስፋት ክፍተት ነበር። ከቀትር በኋላ ማንም አይናገርም፤ መናገር ራሱ ያሞቃል።

አጠገቤ የነበረው ሰሊጥ ለማጨድ ከጎንደር ቆላ የመጣ፣ ወረቀት የለህም ተብሎ የተያዘ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን፣ «ያሳሰረህ ደብተር ምን ይላል?» አለኝ።

ነገርኩት። ኃይለኛ የሌዘር ጨረር ጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ጋዙ ዓይን የማያየው ሌላ ብርሃን ያወጣል፤ በጣም ረቂቅ ነገር ለማየት ይጠቅማል፤ ግን ደካማ ነው። የእኔ ሥራ እንዴት እንደሚደምቅ ማስላት ነበር። «የጋዙን ግፊት ስትጨምር ይደምቃል» አልኩት።

ቆይቶ፣ «ሎሪ አቧራ ውስጥ ሲመጣ አቧራው ከበዛ መብራቱን ይውጠዋል። ያንተ ጋዝ የራሱን ብርሃን አይውጥም?» አለ።

ጋዙ መልሶ የሚውጠውን፣ ትንሽ ነው ብዬ ከስሌቱ ትቼው ነበር። ትንሽ አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ወረቀት በጭንቅላቴ ሠራሁት፤ ቁጥር ሲጠፋብኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

በሳምንቱ ዛቢጡ፣ መኮንኑ፣ ዘንድ ወሰዱኝ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አስተርጓሚው ገዳሪፍ ገበያ ሱቅ ያላቸው የአገሬ ሰው፣ አንድ ሐጂ ነበሩ። ወደው እንዳልመጡ ፊታቸው ይናገራል።

«ይህን መሣሪያ ማን አሠራህ ይላል» አሉኝ።

«መሣሪያ አይደለም ሐጂ፤ የትምህርት ስሌት ነው።»

«ያስተማረህን ሰው ስም ጻፍ፣ ዛሬ ትወጣለህ ይላል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሰውየው አገር ቤት ነው። ማን ይነካዋል? ጽፈህ ውጣ።»

አስተማሪዬ በየዓመቱ እህታቸውን ለመጠየቅ እዚሁ ሱዳን፣ ከሰላ እንደሚመጡ ሐጂ አያውቁም።

እስክሪብቶ ሰጡኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ ጥላ ይታየኛል። «ደብተሩም ሐሳቡም የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያ እስክሪብቶው እጄ ላይ እያለ የተሳሳተውን ገጽ ገልጬ ሰረዝኩ፤ የተውኩትን ጨመርኩበት። ሦስት መስመር ነበር። ዛቢጡ ሲያየኝ ቆየና ምን እንደጻፍኩ ሐጂን ጠየቃቸው።

«ተስሒሕ» አሉት። እርማት ነው ማለታቸው ነበር።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። አምስት ወር ቆየሁ። ደብተሩን ዳግም አላየሁትም።

ከተፈታሁ ወዲህ ከሰላ ሒሳብ አስተምራለሁ። አስተማሪዬ እህታቸው ዘንድ ሲመጡ ተገናኘን። ሻይ ይዘን እንደተቀመጥን፣ «ያን የመሰለ ሥራ በመሐል ተውከው። ስንፍና ካንተ አልጠበቅሁም» አሉኝ።

«ሁኔታው አልተመቸኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ትንሽ እንደተቀየሙኝ ሻንጣቸውን እስከ አውቶቡሱ ተሸክሜ ሸኘኋቸው። በመስኮት በኩል፣ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ አሉኝ። ያ ለእኔ በቂ ነው።