የትራስ ልብስ ሻሽ

እናቴ ወሎ ተወልዳ ቃሊቲ ያረጀች ሴት ናት። ጸጉሯን ባዕድ ወንድ አይቶት አያውቅም። ዓይኗን ልትታከም ሄዳ ሐኪሙ፣ «እማማ፣ ሻሹን ከግንባርዎ ትንሽ ከፍ ያድርጉት» ቢላት፣ «ግንባሬን መች አመመኝ አልኩህ?» ብላ የመለሰች ናት። እኔ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ሻሽና ሽርጥ እቸረችራለሁ። የሷን ራስ መሸፈን የኔ ፋንታ ነበር ማለት ነው፤ ከሱቄ እየመረጠች የምትወስደውን እንደ ግብር ቆጥሬው ነው የኖርኩት።

ራሷን ስታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባች ዕለትም መጀመሪያ የያዝኩት ሻሽ ነው። በሩ ላይ መለሱብኝ። «ከውጭ የመጣ ጨርቅ ጀርም ይዞ ይገባል» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሆስፒታል ቆብ አድርገውላት ስለነበር እኔም ሻሼን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

ነገር የመጣው የሰፈራችን ሼኽ ዱዓ ሊያደርጉላት አብረውኝ በባቡር የሄዱ ዕለት ነው። የሚገባው አንድ አንድ ሰው ስለሆነ፣ ትልቅ ሰው ናቸውና ቅድሚያውን ሰጠኋቸው። ገብተው ወዲያው ወጡ። ዓይናቸው መሬት መሬቱን ያያል።

«ምነው ሼኻችን? አረፈች እንዴ?»

«የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ግቢ ልጄ… ራሷን አልብሻት።»

ገባሁ። ቆቡ የለም። በአፏ ቱቦ የገባላት እናቴ ጸጉሯ ሹሩባ ተሠርቶ ትራሱ ላይ ተዘርግቷል፤ ነጭ፣ ጫፉ ላይ የድሮ ሂና የቀረበት። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ነርስ ፈገግ ብላ ትጠብቀኛለች።

«አላማረባቸውም? ተቆላልፎ ድብልብል ብሎ ነበር እኮ። ጠዋቱን ሙሉ እሱን ስፈታ ዋልኩ። ቤተሰብ ሳያየውማ ቆብ አላደርግበትም ብዬ ተውኩት።»

እኔ አፍ አያጥረኝም፤ ዱቤ ጠያቂ በሩቁ ነው የሚሸሸኝ። የምላትን አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። ግን ሹሩባውን አየሁት። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። በተኛችበት እንዳይቆረቁራት ጫፍ ጫፉን ወደ ጎን አውጥታዋለች። ከፍለሽ የሚሠሩልሽ እንኳ ለዚህ አይጨነቁም።

«እጅሽ ይባረክ» አልኳት። «ግን እህቴ፣ እናቴ ይሄን ለወንድ አሳይታ አታውቅም። አሁን የገቡት ደግሞ ሼኽ ናቸው።»

ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ወረደ። «ወይኔ ጉዴ!» ብላ አፏን ያዘች። «እኔ እኮ ደስ ይላችኋል ብዬ…»

«ደስ ብሎኛል። አሁን እንሸፍናት።»

«በምን? ቆቡ ሹሩባውን ያበላሸዋል።»

«የትራስ ልብስ የላችሁም? የናንተው፣ የታጠበ።»

አመጣች። ያን ሁሉ ሻሽ የሸጥኩ ሴት የሆስፒታል የትራስ ልብስ በሦስት ማዕዘን አጥፌ፣ ቱቦው ሳይነካ ጆሮዋ ጋ እንዴት እንደሚሸጎጥ አሳየኋት።

«ወንድ ሲገባ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ዶክተሮቻችሁም ወንዶች ናቸው።»

«ውይ፣ እነሱ ምኑን ያዩታል! ስክሪኑን ነው የሚያዩት» አለች። ሳቅን፤ እናቴ ራስጌ ቆመን።

ኮሪደር ላይ ታብሌት የያዘ ልጅ ያዘኝ። «እናት፣ ስለ ሕሙማን ክብር ጥናት እየሠራን ነው። የታማሚዋ ክብር ምን ያህል ተጠብቋል? ከአንድ እስከ አምስት ይንገሩኝ።»

በክንድም በሜትርም ለክቼ አውቃለሁ፤ ይሄ አዲስ ነው። «ሼኽ ፊት ራሷን ተገልጣ ተኝታ ነበር፤ አንድ በልልኝ። ነርሷ ደግሞ የእናቴን ጸጉር እንደ ገዛ እናቷ ተጠንቅቃ ሠርታላታለች፤ አምስት በልልኝ።»

«ሁለት መልስ አይቀበልም። ሦስት ላድርገው?»

«ሦስት ያገኘ ሰው እዚያ ውስጥ የለም፣ የኔ ልጅ።»

ራሱን አከከ። የትኛውን እንደነካ አላየሁም።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ አረፈች። ስደርስ መጋረጃው ተስቧል፣ ቱቦው ወጥቷል፣ የትራስ ልብሱ እንዳሳየሁት ጆሮዋ ጋ ተሸጉጧል። የዚያችኛዋ ነርስ ተራ አልነበረም። ያለችውን «ማን አሰረላት?» ብላት፣ «ተራ ስንቀያየር አደራ እየተባባልን ነው» አለችኝ።

ቤት ወስደን ሴቶቹ ሲያጥቧት ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። የእናቴ ጓደኛ የነበሩት ትልቋ አጣቢ ሹሩባውን ሊፈቱ ጎንበስ ብለው ቆም አሉ።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«ነርሷ።»

«የኛ ልጅ ናት?»

«አይደለችም፤ ክርስቲያን ናት።»

የሚያማት ይመስል ቀስ እያሉ አንድ በአንድ ፈቱት። በደንባችን ታጥቦ ሦስት ጉንጉን ነው የሚደረገው። ውሃ አፈሰሱበት፤ ጸጉሯ ግን የሹሩባውን እጥፋት አለቀቀም። እኔ ጣሳ ይዤ እሱን አያለሁ።

«ውሃ፣ ልጄ» አሉኝ። «ውሃ አቀብዪኝ።»